ከቡፌው የወጣው ስፒከር

መርሳ ከተማ ላይ ልብስ ያሰፋ ሰው ሁሉ የሀስናን አመል ያውቀዋል። ደንበኛው «ይበቃኛል፣ እንዲሁ ስጪኝ፣ ሰርጉ ሊያመልጠኝ ነው» እያለ ሲለምናት፣ እሷ ኮሌታው ለዓይን በማይታይ ልክ ተጣሟል ብላ እንደገና ትተረትረዋለች። ሰውየው ይቆጣል፣ ውጭ ወጥቶ ይንጎራደዳል፣ ተመልሶ ይገባል። እሷ መቀሷን አታስቀምጥም። «ይቺ ልጅ ከአባቷ የወረሰችው ግትርነቱን ነው» ይላሉ እናቷ ወይዘሮ ሁሪያ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አይሰማም፤ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ አለበት።

እዚህ የሚወራው ግን ስለ ኮሌታ ሳይሆን ስለ ሆም ቴአተር ነው። አዎ፣ ያው አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ደረተ ሰፊ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ባስ ይዞ የሚመጣው፣ አንድ ቤት ከገባ ሰፈሩን ሁሉ ሳይወድ በግድ ሰርገኛ የሚያደርገው ዕቃ። ልብስ ሰፊዋ ሀስና ይህን ዕቃ ለሽማግሌ አባቷ፣ ያውም ጆሯቸው በደንብ ለማይሰማ አባቷ ልትገዛ ተነሳች ሲባል ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ሳቁባትም።

አባቷ ጋሽ ኡበይደላ ዕድሜያቸውን የፈጁት ወፍጮ ቤት ነው። ከሀብሩ ገጠር በአህያ እየተጫነ የሚመጣውን ማሽላና ጤፍ በናፍጣ ሞተር ሲፈጩ ኖሩ። ሞተሩ ከተነሳ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው የሚግባባው በአፍ ቅርፅና በእጅ ምልክት ነው። ሴቶቹ «አልሙልኝ» ወይም «ለገንፎ ነው፣ ሻከር አርጉልኝ» ሲሏቸው ጋሽ ኡበይደላ ከከንፈራቸው ላይ ያነቡ ነበር። በዚህም ይኮሩ ነበር። ሞተሩ በጎን ጆሯቸውን እየበላው መሆኑን ያወቁት ቆይተው ነው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ የስልክ ጥሪ። ከዚያ የሕፃናት ወሬ። ወፍራሙ ድምፅ ግን ቀረላቸው፤ ከባድ መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ይሰሙታል። «እንዴት ነው ጆሮዎት?» ያላቸውን ሰው ሁሉ «ድምፅማ ይሰማኛል፣ ወሬው ነው የሚጠፋኝ» ይሉታል።

ደሴ ተወስደው ታይተዋል። ሐኪሙ ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ አዘዘላቸው፣ ሀስናም ገዛችላቸው። ለጥቂት ቀን አደረጉት። ሰሃን ሲንኳኳ፣ በር ሲዘጋ፣ የራሳቸው ማኘክ እንኳ ሳይቀር እየጮኸ አስጨነቃቸው። አንድ ቀን አውጥተው ሳጥን ውስጥ ወረወሩትና «ከወፍጮው ተገላገልኩ ስል ጆሮዬ ውስጥ ሌላ ወፍጮ ትተክሉብኛላችሁ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ መሣሪያው ያነሳ ሰው የለም።

ፊት ለፊት ቆሞ የሚያናግራቸው ሰው ብዙ አይቸገርም፤ ከንፈሩን አይተው ይመልሱለታል። መስጊድም ጎናቸው ያለው ሰው ሲጎነበስ ይጎነበሳሉ፣ ሲቆም ይቆማሉ። ችግሩ ማታ ነው። ከዒሻ ሶላት በኋላ ቤተሰቡ ፍራሽና ትራስ በተደረደረበት መጅሊስ ላይ ተሰብስቦ የሚያየው ድራማ አለ፤ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ነው። ጋሽ ኡበይደላ እንደ ልማዳቸው ከንፈር ሊያነቡ ዓይናቸውን ያፈጣሉ። ከንፈሩ የሚናገረው ቱርክኛ፣ የሚወጣው ድምፅ አማርኛ! ዕድሜ ልክ የተማሩት ትምህርት እዚያ ሳጥን ፊት ከንቱ ሆነ። «ምን አለ?» ይላሉ። «ቆይ እነግርሃለሁ» ይላሉ ወይዘሮ ሁሪያ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

የቱርክ ድራማ ቢያመልጥ ምን ይቀራል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው የዚያን ቤት ማታ አያውቀውም። በዚያ ቤት ድራማው ካለቀ በኋላ ነው ዋናው ወሬ የሚጀመረው፤ ማን ማንን እንደከዳ፣ የትኛዋ እናት እንዳጠፋች፣ እገሌ የኛን ሰፈር እገሌን ይመስላል አይመስልም እየተባለ ይመሻል። ድሮ፣ በሬዲዮ ዘመን፣ የዚህ ሸንጎ ዳኛ ጋሽ ኡበይደላ ነበሩ። «ይሄ ሰውዬ ይከዳታል፣ ጠብቁ» ይሉና ልክ ይሆኑ ነበር። አሁን ሸንጎው ያለ ዳኛ ይቀመጣል።

አንድ ማታ ድራማው መሃል ላይ ተነሱ። «እኔ ልተኛ፣ እናንተ እዩ» አሉ። ሀስና ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ አየች። አባቷ አልተኙም። ልብሳቸውን ሳያወልቁ፣ ኮፍያቸውን እንኳ ከራሳቸው ሳያወርዱ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። ከሳሎን የእናቷ ሳቅ ይሰማል። ሀስና የውኃ ጆጉን እንደያዘች ቆመች። አባቷ ቤታቸው ውስጥ እንግዳ ሆነዋል። ይህ ነገር እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም አለች በልቧ፤ እሷ ደግሞ በልቧ ያለችውን አትተወውም።

ሐሳቡ የመጣላት ከጅዳ ነው። ሀስና ስፌት ከመጀመሯ በፊት ጅዳ አንድ ሀብታም ቤት ሠርታለች። የዚያ ቤት ስፒከሮች ከሶፋው ኋላ ነበር የተቀመጡት፤ አቧራቸውን የምታራግፈው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ከጀርባዋ ሴት ያንሾካሾከችላት መስሏት ደንግጣ ዞረች። ማንም የለም፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ነው። ያን ቀን በራሷ ድንጋጤ ስቃ ረስታው ነበር። አሁን ግን አባቷን አልጋው ጠርዝ ላይ ካየች በኋላ ትዝ አላት። ድምፁ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጎልቶ ሰው እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም፤ ሰው ወዳለበት መሄድ ይችላል ማለት ነው።

ለእናቷ ስትነግራቸው ወይዘሮ ሁሪያ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተቆጡ።

«ለማይሰማ ሰው ስፒከር? ኧረ ሰው ምን ይለናል!»

«ይሰማሉ እኮ እማዬ። ወሬው ነው የሚጠፋቸው።»

«ወላሂ ልጄ፣ ያለሽን ገንዘብ ለቁም ነገር አውዪው። ጣሪያው ያፈሳል።»

ጣሪያው እውነትም ያፈስ ነበር። ሀስና የያዘችው ገንዘብ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ ያጠራቀመችው ነው፤ ለትልቅ ዕቃ አይበቃም፣ ለትንሽ ግን አያንስም። ከዚህ በላይ አላወጣም ብላ ለራሷ ወሰነች። ከዚያ በልብስ መለኪያ ሜትሯ ከቴሌቪዥኑ እስከ አባቷ መቀመጫ ያለውን ርቀት ለካች። የዚያን ማታ ደግሞ የድራማውን ድምፅ በስልኳ ቀዳች። ጠዋት ለልብስ ትከሻ ከምትጠቀምበት ጥጥ ቆንጠር አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ወልድያ መናኸሪያ ወርዳ በባጃጅ የሄደችበት ሱቅ የናሆም ነው። ናሆም ቀልጣፋ፣ ሳቂታ፣ የገባን ደንበኛ ባዶ እጁን መመለስ የማይወድ ወጣት ነው። ገና «ሆም ቴአተር» ከማለቷ፣ ቁመቱ ደረቷ የሚደርስ፣ ሆዱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚዞርበት ዕቃ ከፍቶ የሰርግ ዘፈን ለቀቀባት። የሱቁ መስታወት ተርገፈገፈ። ውጭ የቆመው የባጃጅ ሹፌር ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ።

«ይሄ ነው እህቴ! እዚህ አገር ያለ ይሄ ሰርግ አይደገስም!»

«ዘፈኑን ተወው» አለች ሀስና። «ሰው ሲያወራ አሰማኝ።»

«ምን ሲያወራ?»

«የፈለገውን። ብቻ ያውራ።»

ስልኳን ሰጠችው፣ የቀዳችውን ድራማ በብሉቱዝ አገናኘው። ከዚያ ሀስና ጥጡን አወጣች፣ ሂጃቧን ከጎን ገለጥ አድርጋ ሁለቱን ጆሮዎቿን ደፈነች። ሜትሯን ዘረጋች፣ ከስፒከሩ እስከ ሱቁ በር ለካችና ቤት የለካችው ልክ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆመች። ናሆም አፉን ከፍቶ ያያታል። ዕቃ ሊሰማ መጥቶ ጆሮውን በጥጥ የሚደፍን ሰው ገጥሞት አያውቅም። የባጃጁ ሹፌርም ጭፈራውን አቁሞ ማየት ጀመረ።

ትልቁ ዕቃ በጥጡ ውስጥ የሚሰማው «ውም፣ ውም፣ ውም» ሲል ብቻ ነው። ሀስና ራሷን ነቀነቀች። ናሆም ድምፁን ጨመረው፤ ውምውምታው ጨመረ እንጂ አንድ ቃል አልወጣም። አባቷ ማታ ማታ የሚሰሙት ይህን መሆኑ ያን ጊዜ ገባት፤ በወሬ የምታውቀውን አሁን በራሷ ጆሮ ሰማችው። ዝም ብለው መቀመጣቸው ሳይሆን ይህን ያህል ጊዜ ታግሰው መቀመጣቸው ገረማት።

ናሆም ቀጥሎ አንድ ረጅምና ቀጭን ነገር አመጣ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር የሚጋደም፣ ሳውንድ ባር የሚሉትን። ዋጋው ሸጋ ነው። ጠጋ ስትል ቃሉ ጥርት ይላል። ወደ በሩ፣ ወደ ለካችው ቦታ ስትመለስ ግን ይደበዝዛል። ጠጋ አለች፣ ራቅ አለች፣ እንደገና ጠጋ አለች። ናሆም «ታዲያ ቀረብ ብሎ መቀመጥ ነዋ!» አላት። አባቷ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንደ ሕፃን ቴሌቪዥኑ ሥር አይቀመጡም። ይህንንም ተወችው።

«ያ ላይ ያለውስ?» አለች፣ መደርደሪያው ጫፍ ላይ አቧራ የጠጣ ካርቶን አይታ።

«እሱ ቆይቷል። መብራት የለው፣ ምን የለው፣ የሚጠይቀው ሰው የለም።»

«አውርደው።»

አወረደው። አምስት ጡብ የሚያካክሉ ስፒከሮችና አንድ ትንሽ ባስ ወጡ። ሀስና ገመዶቹን አየች። የሦስቱ አጭር ነው፤ የሁለቱ ግን ተጠቅልሎ በላስቲክ የታሰረ ረጅም ገመድ ነው።

«የነዚህ ለምን ረዘመ?»

«ትርፍ ነው። ከፋብሪካው እንዲሁ ይመጣል፤ ሁሉም ሰው እንደታሰረ ነው የሚተወው።»

«ፍታልኝና እኔ ጋ አምጣው።»

ናሆም እያጉረመረመ ፈታው። ገመዱ ሲተረተር ሱቁን አቋርጦ በሩ ድረስ ደረሰ፣ ደርሶም ተረፈ። ሀስና ስፒከሩን ትከሻዋ አጠገብ እንዲይዝላት አደረገች። ድራማው ተለቀቀ። አሁንም ከሥር የሚጉተመተም ነገር ቃሉን ይጋርደዋል።

«ባሱን ቀንሰው።»

«ባሱን?»

«እንዲያውም ዝጋው።»

«እህቴ፣ ባሱን ከዘጋሽውማ ምን ቀረሽ?»

«ወሬው።»

ዘጋው። በጥጡ ውስጥ፣ ጆሮዋ አጠገብ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ «እናቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ ያን ቀን ከቤት አልወጣም ነበር» ሲል ቃል በቃል ተሰማት። ሀስና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ናሆም አጥፍቶ ያስቀየማት መስሎት ደነገጠ። ከዚያ ቆይቶ፣ ነጋዴ ነውና፣ የትልቁን ዋጋ እየቀነሰ እየቀነሰ ወደ እሷ አቅም አስጠጋላት፤ ይህን ዕድል የሚያሳልፍ ሰው የለም አለ። እሷ ወይ ፍንክች። ባለ አቧራውን ካርቶን ታቅፋ ወጣች።

ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር እንኳ ከእጇ አላወጣችውም። መርሳ ስትደርስ ግን ሱቋ በር ላይ ልብሷን የምትጠብቅ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ተሰብስባ አገኘች። ካርቶኑን ቤት አድርሳ፣ ማታ ስመጣ እገጥመዋለሁ ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ስህተቷ ይህ ነበር። ዕቃው የት እንደሚቀመጥ ለእናቷ አልነገረቻቸውም። ለእሷ ግልጽ ስለነበር ለሁሉም ሰው ግልጽ መስሏት ነበር።

ወይዘሮ ሁሪያ ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ተቃውሟቸውን ረስተው በደስታ ተይዘዋል። ማታ ድረስ የሚጠብቅ ትዕግሥት ከየት ይመጣል? ቢኒያምን አስጠሩት። ቢኒያም የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በዚያ ሰፈር ውስጥ እሱ ያልገጠመው ሆም ቴአተር ቢፈለግ አይገኝም። የሚገጥመው ደግሞ ሁሉም ሰው በሚወደው መንገድ ነው፦ አምስቱም ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ጋር ቡፌ ውስጥ፣ መስታወቱ ኋላ፣ በቁመታቸው ተሰልፈው፣ ከላይ ዳንቴል ለብሰው። እንግዳ ሲገባ በአንድ እይታ ያያቸዋል። ቤቱም ቤት ይመስላል።

ሀስና ማታ ስትገባ ያየችው ይህን ነው። ወይዘሮ ሁሪያ በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ለእያንዳንዱ ስፒከር አልብሰውታል፣ ለባሱም ጭምር። ቢኒያም ሥራውን ጨርሶ በኩራት ቆሟል።

«የሁለቱ ገመድ የት ሄደ?» አለች ሀስና።

«ትርፉን ቆርጬ አሳመርኩልሽ» አለ ቢኒያም። «እንዲያ ተንዠርግጎ ያስጠላል እኮ!»

ሀስና ቡፌው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጎረቤት ገባ፣ ዘፈን ተከፈተ፣ ዳንቴሉ ከባሱ ላይ እየዘለለ ሰው ሳቀ። ጋሽ ኡበይደላ ከመስጊድ ሲመለሱ ቤቱን ሰው ሞልቶት፣ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ሲርገበገብ አገኙት። «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» አሉና ደረታቸውን ዳበስ አደረጉ፤ የሰሙት በደረታቸው ነበርና። ከዚያ ድራማው ጀመረ። ከመስታወቱ ኋላ፣ ከዳንቴሉ ሥር ውምውምታ መጣ። ጋሽ ኡበይደላ ጥቂት ታግሰው ተነሱ። ልጃቸው እንዳታዝን ፈገግ ብለው «እናንተ እዩ፣ እኔ ደክሞኛል» አሏት። ያ ፈገግታቸው ከምንም በላይ አስለቀሳት፤ ሰው ፊት አላለቀሰችም እንጂ።

በማግስቱ ሱቋን አልከፈተችም። ቁርስ እንደተበላ፣ ጋሽ ኡበይደላ ወደ ገበያ እንደወጡ፣ ቡፌውን ከፈተችና ሁለቱን ስፒከሮች አወጣች። ወይዘሮ ሁሪያ ከጓዳ ሮጠው መጡ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አንዱን ከአባባ መቀመጫ በላይ፣ አንዱን ከጎን እሰቅለዋለሁ። ዳንቴሉንም ከመሃለኛው ስፒከር ላይ አነሳለሁ።»

«ምን? የሰው ቤት ዕቃ በወጉ ተደርድሮ፣ የኔ ግድግዳ ላይ እንደ ሽንኩርት ይንጠልጠል? ገመዱስ? ምንጣፉ ላይ እባብ ሊመስል? አይሆንም ሀስና! ያን ዳንቴል ስሠራው ዓይኔ ነው የጠፋ።»

ሀስና ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው። እናቷ ክፉ አይደሉም፤ ዕቃን ማልበስ ማክበር ነው ብለው ያደጉ ሴት ናቸው፣ ቤታቸውን የሚያቆሙትም እንዲህ ነው። ይህን በክርክር መርታት እንደማይቻል አወቀች። ቦርሳዋን ከፍታ ጥጡን አወጣች።

«እሺ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝና እንደፈለግሽ ይሁን። ይህን ጆሮሽ ውስጥ ክተቺና አባባ ቦታ ላይ ተቀመጪ።»

«ለምን?»

«ተቀመጪ በአላህ።»

ወይዘሮ ሁሪያ እየተነጫነጩ ጆሯቸውን ደፈኑና በሩ አጠገብ ባለው፣ በባላቸው ቦታ ተቀመጡ። ሀስና የትናንቱን ድራማ ከኢንተርኔት አውጥታ በስልኳ በኩል ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተችው። እሳቸው የሚወዱት ክፍል ነበር፣ እናትና ልጅ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚገናኙበት። ውምውምታ እንጂ ቃል አልሰሙም። አንገታቸውን አሰገጉ። ከንፈር ለማየት ሞከሩ፤ ከንፈሩ ቱርክኛ ነው። «ምን አለች?» አሉ ሳያስቡት። ሀስና አልመለሰችላቸውም። እንደገና «ሀስና፣ ምን አለች?» አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። ሀስና አሁንም ዝም አለች። ጨክና አይደለም፤ ማሳየት ስለነበረባት ነው።

ወይዘሮ ሁሪያ ጥጡን ቀስ ብለው ከጆሯቸው አወጡና እጃቸው ላይ አዩት። ከዚያ ተነስተው፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ዳንቴሎቹን አንድ በአንድ ከስፒከሮቹ ላይ ገፈፉና አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱ።

«ያንን ቢኒያምን ጥሪው» አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው። «ገመዱን ይዞ ይምጣ።»

ቢኒያም የቆረጠውን ገመድ ለሌላ ሥራ ይሆነኛል ብሎ ቦርሳው ውስጥ ጠቅልሎ አቆይቶት ነበር። ነገሩ ሲነገረው ጆሮውን እያከከ «እኔ እኮ ለማሳመር ነው» አለ። ገመዱን አሥሮ ቀጠለው፣ በቴፕ ጠቀለለው። ሀስና በሜትሯ እየለካች ቦታውን አሳየችው፤ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ አሁንም ትንሽ ዝቅ። ሦስት ጊዜ አስነቀለችው። ቢኒያም ሦስተኛው ላይ መዶሻውን ሊጥል ደርሶ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዱ ስፒከር ከጋሽ ኡበይደላ መቀመጫ በላይ፣ ራሳቸው ከሚያርፍበት ትራስ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሌላውም ከጎናቸው ተሰቀለ። ገመዱ በምንጣፉ ጠርዝ ሥር አለፈ፤ ወይዘሮ ሁሪያ በእጃቸው እየዳሰሱ አስተካከሉት። መሃለኛው ስፒከር ከመስታወቱ ወጥቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ባሱ ተዘጋ።

ጋሽ ኡበይደላ ከዒሻ ሲመለሱ ማንም ምንም አልነገራቸውም። ሀስና እንዲህ ይሻላል ብላ ነው፤ ካልሠራ እንደትናንቱ ፈገግ እንዳይሉባት ፈርታለች። በቦታቸው ተቀመጡ፣ ትራሱን ከጀርባቸው አስተካከሉ። ድራማው ጀመረ። አንድ ሰው ሲናገር ጋሽ ኡበይደላ ወደ ላይ ቀና ብለው ስፒከሩን አዩት፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን አዩ። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሱም።

ሀስና ድራማውን አላየችም። የአባቷን ፊት ስታይ ነው ያመሸችው። ፊታቸው ምንም አልነገራትም። አልሳቁም፣ አላዘኑም፣ «ምን አለ?» ብለውም አልጠየቁም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደርቀው ተቀምጠዋል። ሰምተው ይሁን ተስፋ ቆርጠው መለየት አቃታት። ወይዘሮ ሁሪያም እንደሷ በጎን እያዩዋቸው ነው፤ የሚወዱት ክፍል አለፋቸው። ሀስና ይህም ካልሆነ ሌላ መላ እፈልጋለሁ፣ ግድግዳውን አፍርሼም ቢሆን እፈልጋለሁ ብላ ጥርሷን ነከሰች።

ድራማው አለቀ። ማስታወቂያ ሲጀምር ጋሽ ኡበይደላ ወደ ሚስታቸውና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ለካ ይህን ሁሉ ያወራሉ?» አሉ።

በጣታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ።

«እኔኮ ብዙም የማያወሩ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። አሁን ያቺ ልጅ ለአባቷ ስንት ነገር ተናገረች! እሱስ ስንት ነገር መለሰላት! እናንተ ግን ስጠይቃችሁ ‹ተጣሉ› ትሉኛላችሁ። ሌላ ቀን ‹ታረቁ› ትሉኛላችሁ። በቃ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ለኔ የደረሰኝ ይቺው ናት።»

ወይዘሮ ሁሪያ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሀስና ይቅርታ ልትላቸው ጠጋ አለች።

ጋሽ ኡበይደላ ግን እግራቸውን መጅሊሱ ላይ ሰብስበው ተመቻችተው ተቀመጡ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ፣ «ቴሌቪዥኑን አጥፉትና ፊታችሁን ወደኔ አዙሩ። ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ሁሉንም ንገሩኝ።»